ሮኬት ስለ መምራት፦ ለእህቴ ልጅ

ልጄ፣

ከኮምቦልቻ የላክሽልኝን ሥራ አንብቤ ጨረስኩ። ሮኬትን ወደ ጎን የሚመልሱ ሦስት መንገዶችን፣ ሞተሩን ማወዛወዝን፣ በጋዙ ውስጥ የሚቆም ክንፍንና ከኖዝሉ (ከጋዙ መውጫ) ግድግዳ የሚረጭ የጎን መርጫን፣ በኮምፒውተር የፍሰት ሲሙሌሽን አወዳድረሽ አንዱን ለመምረጥ ተነሥተሻል። ሥዕሎቹ ያምራሉ፤ ቀዩም ቢጫውም ሰማያዊውም በቦታው ነው። ሥዕል ግን ፍርድ አይሰጥም። ለክረምት መካነ ሰላም እስክትመጪ መቆየት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ሜሹን (ፍሰቱን በሴል የሚከፋፍለውን የስሌት መረብ) አሁን ካላስተካከልሽው በኋላ ሁሉንም እንደ አዲስ ልትጀምሪ ነው ብዬ ጻፍኩልሽ። በቁጥር የከፋፈልኩት «በአራተኛው አልስማማም» ብለሽ ለመሟገት እንዲመችሽ ነው። አጎትሽ ሙግት እንደሚወድ ታውቂያለሽ።

፩. ጥያቄሽን አጥብቢ።

«የትኛው መምሪያ ይሻላል?» ብለሽ ጽፈሻል። እንዲህ የተጠየቀ ነገር መልስ የለውም፤ ለአንዱ ሮኬት የሚበጀው ለሌላው ሸክም ነው። እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ በአንድ ሞተር ላይ፣ አንድ ዓይነት የጎን ኃይል ለማግኘት፣ እያንዳንዱ መንገድ ወደፊት ከሚገፋው ኃይል ስንቱን ይበላል? ይህን ስትጠይቂ ኖዝሉ አንድ፣ የማቃጠያ ክፍሉ ግፊትና ሙቀት አንድ፣ የውጭው አየርም አንድ መሆን አለበት። በላክሽው ሥራ ግን የጋዝ ክንፉ የተፈተነው በአንድ ኖዝል፣ የጎን መርጫው በሌላ ኖዝል ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ልዩነት የመምሪያው ይሁን የኖዝሉ ማን ይለየዋል? ከመረጃ ቋት ያገኘሽውን ሥዕል ሁሉ ከመጠቀም አንድ ኖዝል መርጠሽ እስከ መጨረሻው በእርሱ ጽኚ።

፪. ይህ ነገር ለአገርሽ እንግዳ እንዳይመስልሽ።

ከእኛ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከበሽሎ ወዲህ፣ በተንታ ወረዳ ያለችውን መቅደላን ታውቂያታለሽ፤ በመካነ ሰላም ግቢ ያለው ዩኒቨርሲቲም ስሙን የወሰደው ከእርሷ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 1868፣ በዕለተ ስቅለት፣ በአምባው ግርጌ በአሮጌ ሜዳ ላይ የጄኔራል ናፒየር ጦርና የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ሲገጥሙ ከእንግሊዝ በኩል የተተኮሰው ጠመንጃና መድፍ ብቻ አልነበረም። የባሕር ኃይላቸው ክፍል ሮኬት ይዞ ነበር። ፊታውራሪ ገብርዬ የወደቁት በዚያ ቀን ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱም በሦስተኛው ቀን፣ በፋሲካው ማግስት ሰኞ፣ እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ሠዉ።

ስለ ሴባስቶፖል መድፍ የማያወራ ወሎዬ የለም፤ በጋፋት እንዴት እንደተቀለጠ፣ ገደል ለገደል እንዴት እንደተጎተተ ሕፃን ሳይቀር ይነግርሻል። ስለዚያ ሮኬት ግን የሚያነሣ ብዙ አልሰማሁም። ለአንቺ ሥራ ደግሞ ከመድፉ ይልቅ የሚቀርበው ሮኬቱ ነው።

ሥሪቱ የእንግሊዛዊው የዊልያም ሄል ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው የኮንግሪቭ ሮኬት ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ረጅም እንጨት ይታሰርበት ነበር፤ እንጨቱ ለጉዞም ለመተኮስም ያስቸግራል። ሄል እ.ኤ.አ. በ1844 ባስመዘገበው ፈጠራ እንጨቱን ጣለና ሥራውን ለሚወጣው ጋዝ ሰጠው። በኋለኛው ሥሪቱ በጋዙ መውጫ ላይ ሦስት ጠማማ ብረቶች ተተከሉ፤ ጋዙ ብረቶቹን ወደ ጎን ሲገፋቸው ሮኬቱ በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል፣ ሽክርክሪቱም አቅጣጫውን ያጸናለታል። ይህ መምራት አይደለም። ከተተኮሰ በኋላ አቅጣጫውን የሚቀይርለት ማንም አልነበረም። ነገር ግን በሚነደው ጋዝ ውስጥ ብረት አስገብቶ፣ ወደፊት ከሚገፋው ኃይል ጥቂቱን ከፍሎ፣ ወደ ጎን የሚሠራ ኃይል መግዛት የሚለው ሐሳብ ያው ነው። አንቺ አሁን በላፕቶፕሽ የምታሰይው የዚያን ግዢ ዋጋ ነው።

ብረቱ እንዲንቀሳቀስና በጋይሮስኮፕ እንዲታዘዝ ማድረግ ገና ዘመን ፈጅቷል። አሜሪካዊው ሮበርት ጎዳርድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሞከረው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1942 የተሳካ በረራ ያደረገው የጀርመኑ ቪ-2 በጋዙ ውስጥ አራት የግራፋይት ክንፎች ነበሩት፤ ከአሮጌ ጦርነት እስከዚያ 74 ዓመት ነው። ሮኬት ለምን ሲባል እንዲህ እንደተደከመበት ደግሞ መቅደላ አጠገብ ላደገ ሰው አይነገርም። መሪ ያለው ሮኬት ሳተላይትም ያወጣል፣ ከተማም ያፈርሳል፤ ስሌቱ አንድ ነው። የምትሠሪበትን ቤት ስትመርጪ ይህን አስቢበት፤ እኔ ከዚህ በላይ አልሰብክሽም።

፫. ሞተሩን ለሚያወዛውዘው መንገድ የኮምፒውተር ጊዜ አታባክኚ።

ሞተሩ በመጋጠሚያ ላይ ተቀምጦ ሲወዛወዝ፣ ጂምባል የሚባለው ማለቴ ነው፣ ጋዙ ከኖዝሉ ውስጥ ሲወጣ ምንም የተለወጠ ነገር አያይም። የተለወጠው ሞተሩ የሚያይበት አቅጣጫ ብቻ ነው። ስለዚህ ስሌቱ በአንደኛ ዓመት ትምህርትሽ ያልቃል፦ የጎኑ ኃይል ጠቅላላው ኃይል ሲባዛ በማዕዘኑ ሳይን። በ4 ዲግሪ ከጠቅላላው ኃይል ከመቶ 7 እጅ ወደ ጎን ታገኛለሽ፤ ከፊቱ የምታጪው ከመቶ ሩብ እጅ እንኳ አይሞላም። በ8 ዲግሪ 14 እጅ ታገኛለሽ፤ የምታጪው 1 እጅ ነው። ይህን በሚሊዮን በሚቆጠር ሴል ማስላት ምን ይጨምርልሻል? ይህን ቁጥር ሌሎቹ የሚለኩበት መለኪያ አድርጊው። ሌላው መንገድ ሁሉ «በ4 ዲግሪ ከተወዛወዘ ሞተር ጋር ሲነጻጸር» እየተባለ ይጻፍ።

የእኛን ሳተላይት ያወጣው ሮኬትም በዚሁ መንገድ ነው የተመራው። ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችው 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን የተነሣችው በሎንግ ማርች 4ቢ ነበር። የሮኬቱ የመጀመሪያ ደረጃ አራት ሞተሮች ራሳቸው ይወዛወዛሉ። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ግን ትልቁ ሞተር አይነቃነቅም፤ በዙሪያው ያሉ አራት ትንንሽ ሞተሮች ናቸው እየዞሩ የሚመሩት። እንጦጦ ላይ ያን ቀን በማለዳ የተጨበጨበው ለሳተላይቷ ነው፤ እኔ ግን ልቤ ከአራቱ ትንንሽ ሞተሮች ጋር ነበር።

(ጠጣር ነዳጅ ባለው ሞተር ላይ ኖዝሉ ብቻ በጎማ መጋጠሚያ ሲወዛወዝ ነገሩ ትንሽ ይለያል፤ በውስጥ ያለው ፍሰት መጋጠሚያውን ምን ያህል እንደሚጠመዝዘው ለማወቅ ሲሙሌሽን ይጠቅማል። የአንቺ ሥራ ግን እዚያ አልደረሰም።)

፬. ጉልበትሽን ፍሰቱ ራሱ መሪ በሚሆንበት ላይ አውዪ።

የጋዝ ክንፍና የጎን መርጫ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለቱም ከድምፅ በላይ በሚፈጥን ጋዝ ውስጥ መሰናክል ያቆማሉ፤ ሾክ የሚፈጠረው በመሰናክሉ ፊት ነው።

ሾክ ምን እንደሆነ ለእናትሽ ማስረዳት ብትፈልጊ በክረምት ጎርፍ ውስጥ ያለን ድንጋይ አሳዪያት። ቀጭን ሆኖ ፈጥኖ የሚወርድ ውኃ ድንጋዩን ሳይነካው በፊቱ ይከመራል፤ ከክምሩም ግራና ቀኝ ሁለት መስመር ወደ ኋላ ይዘረጋል። የክምሩ ከፍታ የጋዝ ግፊት ቢሆን፣ መስመሮቹ ሾኮች ናቸው። ይህን የምልሽ ለማሳመር ብቻ አይደለም። የቀጭን ውኃ ፍሰት ከድምፅ በላይ ከሚፈጥን ጋዝ ጋር የስሌት ዝምድና ስላለው መሐንዲሶች ንፋስ የሚያመነጭ ዋሻ ሲያጡ በውኃ ገንዳ ይሞክሩ ነበር። ቁጥሩ በትክክል አይገጥምም፤ ቅርጹ ግን ይታያል።

የጎን መርጫ ድንጋዩን በጋዝ ወይም በፈሳሽ ይተካዋል። ከኖዝሉ ግድግዳ በቀዳዳ የሚገባው ፈሳሽ በፊቱ ሾክ ያስነሣል፤ ሾኩ ከግድግዳው ጋር ቀስ ብሎ የሚሄደውን ቀጭን ሽፋን ከግድግዳው ያላቅቀዋል፤ ከቀዳዳው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ግፊቱ ይጨምራል። የጎን ኃይሉ የሚመጣው ከተረጨው ነገር ግፊያ ብቻ አይደለም፤ ከዚህ ከተጨመረው የግድግዳ ግፊትም ነው። ስለዚህ ነው ጥቂት ፈሳሽ ከራሱ አቅም በላይ የሚሠራው። የአሜሪካው ፖላሪስ ኤ-3 በሁለተኛ ደረጃው ፍሪዮን፣ ታይታን 3 በጎን ሞተሮቹ ናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ፣ የሕንዱ ፒኤስኤልቪ በመጀመሪያ ደረጃው የስትሮንሺየም ፐርክሎሬት ውሕድ የረጩት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ሥራ። ቀዳዳውን ወደ ኖዝሉ ጉሮሮ በጣም አቅርበሽዋል። እንዲህ ሲሆን ሾኩ ኖዝሉን አቋርጦ ተቃራኒውን ግድግዳ ይመታል፤ እዚያም ግፊት ይጨምራል፤ የጎን ኃይሉም ይጠፋል፣ አንዳንዴም ወደ ተቃራኒው ይዞራል። አምስተኛው ሥዕልሽ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል፤ በጽሑፍሽ ግን «ኃይሉ አነስተኛ ሆኗል» ብለሽ አልፈሽዋል። እንዲህ አትለፊው! ከሥራሽ ሁሉ የሚበልጠው ግኝት እርሱ ነው። ቀዳዳውን ከጉሮሮው ወደ አፉ ደረጃ በደረጃ እያራቅሽ የጎን ኃይሉ የት እንደሚዞር አሳዪ። ሲሙሌሽን የሚከበረው እንዲህ ላለ ሥራ ነው፤ በብረት ቢሠራ ለእያንዳንዱ ቦታ አዲስ ኖዝል ማስቆረጥ ነበር።

የምትረጪውንም መጠን ስትጨምሪ ኃይሉ እኩል እየጨመረ አይሄድም። መጀመሪያ ብዙ ይሰጣል፣ ከዚያ ይሰስታል። መስመሩን በአንድ ነጥብ አትሳዪው።

፭. ከማሽኑ በፊት በእጅሽ አስቢ።

ለቀጭን ክንፍ ስዊዘርላንዳዊው አከረት እ.ኤ.አ. በ1925 ያወጣው ቀላል ቀመር አለልሽ፦ የጎን ኃይሉ ቁጥር 4 ሲባዛ በማዕዘኑ፣ ሲካፈል ለማች ካሬ ሲቀነስ 1 ካሬ ሥር። ማዕዘኑ በራዲያን ነው፤ ማች ፍጥነቱ ከድምፅ ፍጥነት ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። ማች 2.2 ላይ ክንፉ 10 ዲግሪ ቢታጠፍ 0.36 ገደማ ይመጣል፤ ወደ ኋላ የሚጎትተው ደግሞ ይኸው ቁጥር ሲባዛ በማዕዘኑ፣ 0.06 ገደማ። ኮምፒውተሩ 0.30 ወይም 0.38 ቢልሽ ተነጋገሩ። 0.9 ቢልሽ ግን ምናልባት ስፋቱን ተሳስተሻል።

ቀመሩ የክንፉን ውፍረትና የፊቱን ድንዙዝነት አያውቅም። በሙቀት እንዳይበላ ተብሎ ወፍራም የሚደረግ የጋዝ ክንፍ ደግሞ ባይታጠፍም ይጎትታል፤ ሮኬቱ ቀጥ ብሎ ሲሄድም ኪሳራው አለ። ጂምባል እንዲህ የለበትም። በሠንጠረዥሽ ውስጥ «በዜሮ ዲግሪ የሚጠፋ ኃይል» የሚል ዓምድ የለም፤ ጨምሪ።

፮. 101325 የሚለውን ቁጥር ከድንበሩ ላይ አንሺው።

ሶፍትዌሩ የውጭውን ግፊት ሲጠይቅ ሁሉም ሰው ይህን የባሕር ወለል ቁጥር ይሞላል፤ አንቺም ሞልተሻል። የት ሆነሽ ነው? መካነ ሰላም 2600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት ግፊቱ 74 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፣ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ አይሞላም። ወደ ዓባይ በረሃ ወርደሽ 1200 ሜትር ላይ ብትቆሚ 88 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። በአንድ ወረዳ ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት አለ።

ይህ ለምን ያሳስባል? በኖዝሉ ግድግዳ ላይ ያለው ግፊት ከውጭው ከ0.4 እጅ ገደማ በታች ከወረደ ፍሰቱ ከግድግዳው ይላቀቃል፤ የሰመርፊልድ መመዘኛ የሚሉት ነው። ልክ ያለ ሕግ አይደለም፣ ግምት ነው፤ ግን ለመጀመሪያ ይበቃል። ባሕር ወለል ላይ ወሰኑ 40 ኪሎ ፓስካል ይሆናል፤ መካነ ሰላም ላይ 30። እንግዲህ በአፉ ላይ 35 ኪሎ ፓስካል የሚያሳይ ኖዝል ምጽዋ ላይ ፍሰቱ ይላቀቃል፤ እኛ ዘንድ ሞልቶ ይፈስሳል። ያው ኖዝል ነው! ሲላቀቅም በዙሪያው እኩል አይላቀቅም፤ ማንም ያላዘዘው የጎን ኃይል ይፈጥራል። ያንን ከመምሪያሽ ኃይል ጋር ደምረሽ «መርጫው ጎበዝ ነው» ልትይ ትችያለሽ።

ሮኬት ደግሞ አንድ ከፍታ ላይ አይቆምም። ቢያንስ በሦስት ከፍታ አስዪ፦ መነሻው፣ 10 ኪሎ ሜትር፣ አየር የሌለበት።

፯. ስለ ሜሽ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ፤ የሜሽን ነገር ያዩ ይመስል። ሦስት ሜሽ ሥሪ፦ ሻካራ፣ መካከለኛ፣ ደቃቅ። በሦስቱም የጎን ኃይሉን ጻፊ። ከመካከለኛው ወደ ደቃቁ ስትሄጂ ቁጥሩ በመቶ 4 የሚለወጥ ከሆነ፣ «መርጫው ከክንፉ በመቶ 3 ይሻላል» የማለት መብት የለሽም። ሮች የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1994 ይህን ስሕተት በቁጥር የሚገልጽ መለኪያ አቅርቧል፤ ምሕንድስና መጽሔቶች የሚጠይቁትም እርሱን ነው። ተማሪው፣ ተጠቀሚበት።

ግድግዳው አጠገብ ያለው የመጀመሪያው ሴል ዋይ-ፕላስ የሚሉት የግድግዳ ርቀት ቁጥር 1 አካባቢ እንዲሆን አድርጊ፤ ካልሆነ ያ ቀስ ብሎ የሚሄደው ሽፋን የት እንደሚላቀቅ ማሽኑ ይገምታል እንጂ አያሰላም። ሾኩ በሚያልፍበትና በቀዳዳው ዙሪያ ሴሎቹን አድቅቂ፤ ሌላው ቦታ ሻካራ ቢሆን ግድ የለም።

ኖዝሉ ክብ ስለሆነ ብለሽ አንድ ቁራጭ ብቻ ወስደሽ በማዞር ለማስላት ያሰብሽው ለመምራት አይሆንም፤ ወደ ጎን የሚገፋ ነገር ሲገባ ክቡ እኩልነት ይፈርሳል። ግማሹን ግን መውሰድ ትችያለሽ። መርጫውን ለሁለት በሚከፍለው ወለል ግራና ቀኙ አንድ ነው፤ የማሽኑ ድካም በግማሽ ይቀንሳል።

ሬዚጁዋል የሚሉት የስሌቱ ቀሪ ስሕተት መስመር ወረደ ማለት ስሌቱ አለቀ ማለት አይደለም። የጎን ኃይሉ ራሱ መርጋቱን፣ የገባው ጋዝ ከወጣው ጋር እኩል መሆኑን እዪ። ኃይሉ እየተወዛወዘ አልረጋ ካለ ማሽኑን ከመውቀስሽ በፊት ፍሰቱ በእውነት የሚወዛወዝ እንደሆነ ጠይቂ፤ የተላቀቀ ፍሰት ልማዱ ነው።

፰. ሶፍትዌር።

ኦፕን ፎም እና ኤስ-ዩ-ቱ ነፃ ናቸው፤ ሁለተኛው ከስታንፎርድ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ነው። የተሰረቀ አንሲስ ጭነሽ ከምትሠሪ በእነዚህ ሥሪ፤ ሥራሽን ለማሳተም ስትልኪ ፈቃድ የሚጠይቅሽ አይኖርም። መብራት ሊሄድ ስለሚችል ውጤቱን በየጥቂት መቶ ዙሩ ዲስክ ላይ እንዲያስቀምጥ እዘዢው።

፱. ነውጡን በአንድ ሞዴል አትመኚ።

ማሽንሽ ነውጥ ያለበትን ፍሰት እስከ ትንሿ ሽክርክሪት አያሰላም፤ በሞዴል ይገምታል። ስፓላርት-አልማራስና ኤስኤስቲ የሚባሉት ሁለቱ ለዚህ ሥራ የተለመዱ ናቸው። በሁለቱም አስዪ። ፍሰቱ ከመርጫው በፊት ምን ያህል ርቀት ላይ እንደሚላቀቅ ሁለቱ አይስማሙም፤ አለመስማማታቸው የሚነግርሽ ነገር አለ፣ በልዩነታቸው መካከል ያለ ድምዳሜ ሁሉ እርግጠኛ አይደለም።

ከዚያ የተለካ ነገር ፈልጊ። ስፔይድና ዙኮስኪ እ.ኤ.አ. በ1968 ከጠባብ ስንጥቅ ወጥቶ ከድምፅ በላይ ወደሚፈጥን ፍሰት የሚገባን ጋዝ ለክተው የግድግዳውን ግፊት አሳትመዋል። ዌይትና ዲር የተባሉ የናሳ ላንግሊ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 በጎን መርጫ የሚመራ ኖዝል በሙከራም በስሌትም ሠርተዋል። መጀመሪያ የእነርሱን ኖዝል በአንቺ ማሽን አስዪና ከለኩት ጋር አስተያዪ። ከእነርሱ ልኬት ጋር ካልተስማማሽ በራስሽ ኖዝል ላይ የምታገኚውን ማን ያምናል? እኔ ይህን ክፍል በላክሽው ውስጥ ፈልጌ አጣሁት፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ አይቅር።

፲. የራስሽን ልኬት በጎሚስታ ቤት አግኚ።

እሳት አያስፈልግሽም። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር 7 ባር ይሰጣል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ሄደሽ ጉሮሮው 3 ሚሊ ሜትር፣ አፉ 4.2 ሚሊ ሜትር የሆነ የናስ ኖዝል አስቆርጪ። በመካነ ሰላም አየር ይህ ኖዝል ማች 2.2 ገደማ ይሰጥሻል፤ ያው 7 ባር ባሕር ወለል ላይ ለማች 2 ብቻ ይበቃ ነበር። ከፍታችን ለሌላ ነገር ቢጎዳን እንኳ ለዚህ ጠቀመን።

ወደፊት የሚገፋው ኃይል 700 ግራም ክብደት ያህል ነው። ኖዝሉን በሚታጠፍ ክንድ ላይ አድርገሽ ከጎኑ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን አቁሚ። በአፉ ፊት 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የምላጭ ቁራጭ በሁለቱም ጫፉ አጥብቀሽ እሰሪ፤ ምላጩ ከኖዝሉ ጋር በአንድ ክንድ ላይ ይሁን። 3 ዲግሪ ስታጠፊው በአከረት ቀመር ከ30 ግራም በላይ ትጠብቂያለሽ፤ ሚዛኑ አንድ ግራም ይለያል። የጎን ኃይሉን በየዲግሪው ጻፊ፤ ከዚያ ያንኑ በማሽንሽ አስዪ።

ሁለት ነገር ልብ በዪ። አየሩ ሲሰፋ ከዜሮ በታች 120 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ በውስጡ ያለው እርጥበት ወደ ጠብታና በረዶ ይለወጥና ልኬትሽን ያበላሻል። ስለዚህ በክረምት ሳይሆን በበጋ ሥሪ፣ የኮምፕሬሰሩንም ታንከር ከውኃ አስቀድመሽ አራግፊ። ሁለተኛ፣ የሮኬት ጋዝ ትኩስ ነው፤ የሙቀት ይዘቱ ጥምርታ 1.2 አካባቢ ሲሆን የአየር 1.4 ነው። የአየር ሙከራው ማሽንሽ ሾክን በትክክል መያዙን ያረጋግጥልሻል እንጂ የሮኬቱን ቁጥር አይሰጥሽም። የበያጅ መነጽር አድርጊ፤ ቱቦውንም አጥብቀሽ እሰሪ፣ ከእጅ ያመለጠ ቱቦ ይገርፋል።

፲፩. ነዳጅ አትቀቅዪ።

በስልክ ላይ ስኳርና ማዳበሪያ ሲቀቅሉ የሚያሳዩ ልጆች አሉ። ጣት ብቻ የሚሄድ አይምሰልሽ፤ ፊትም ይሄዳል። በዚህ ዘመን ደግሞ ከመንደር ጭስ እየጎተተ ወደ ሰማይ የወጣ ነገር ሳይንስ ነው ብለሽ የምታስረጂው ሰው አይገኝም። በአየር ይብቃሽ።

፲፪. ማሽኑ የማይነግርሽን በሌላ ዓምድ ጻፊ።

የግራፋይት ክንፍ ሲነድ ይበላል። ስሌትሽ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ሰከንድ ቅርጽ ነው፤ በሠላሳኛው ሰከንድ ጠርዙ ደንዝዞ ስፋቱ ቀንሶ ሌላ ክንፍ ሆኗል። ቢያንስ ጠርዙ የተበላ ሁለተኛ ቅርጽ ሠርተሽ አንድ ጊዜ አስዪለት። ጂምባል ሞተር የሚያወዛውዝ የሃይድሮሊክ ክንድ ይፈልጋል፣ ክብደቱ ከጭነቱ ይቀነሳል። መርጫው ታንከርና ቫልቭ ይፈልጋል፤ የሚረጨው ሲያልቅ መሪው አለቀ ማለት ነው፣ በሌላ በኩል ግን ቫልቭ ከከባድ ሞተር ይልቅ ቶሎ ይታዘዛል። በኃይል ቁጥር ብቻ ብትፈርጂ ጂምባል ሁልጊዜ ያሸንፋል። ጠጣር ነዳጅ ያለው ሞተር ግን የማቃጠያ ክፍሉ ራሱ የሮኬቱ ገላ ስለሆነ ሙሉ ሞተሩን ማወዛወዝ አይታሰብም፤ ሌሎቹ መንገዶች የተወለዱት በእንዲህ ያለ ችግር ነው። የእኔን ፍርድ ከጠየቅሽኝ፣ ለአጭር ጊዜ ለሚነድ ትንሽ ሮኬት ክንፉን፣ ለትልቅ ጠጣር ሞተር የሚወዛወዝ ኖዝል፣ ያን ለመሥራት አቅም ለሌለው ደግሞ መርጫውን እመርጣለሁ። ብትሞግቺኝ ደስ ይለኛል፤ በቁጥር ይሁን እንጂ።

፲፫. ስትልኪልኝ።

ሥዕሎቹን ተያቸው። ለእያንዳንዱ መንገድ አንድ መስመር፦ የጎን ኃይል፣ ከፊቱ የጠፋ ኃይል፣ በዜሮ ዲግሪ የጠፋ ኃይል፣ በሦስቱ ሜሽ መካከል ያለው ልዩነት፣ በሁለቱ የነውጥ ሞዴሎች መካከል ያለው ልዩነት። ከሥሩ የውጭውን ግፊት በፓስካል። የኦፕን ፎሙን ፎልደር ውጤቱን ሳትጨምሪ ጠቅልለሽ ላኪው፤ በእኛ ኔትወርክ ውጤቱን ለማውረድ ሌሊቱን ሙሉ ስልኬን ቻርጅ ላይ ማሳደር አለብኝ፣ ሜሹንና የድንበር ፋይሎቹን ግን በቡና ሰዓት አወርዳቸዋለሁ። ናሱን ቶርኖ ቤት ከማስቆረጥሽ በፊት ደግሞ ሥዕሉን አስቀድመሽ አሳዪኝ፤ 3 ሚሊ ሜትር ጉሮሮ በመሰርሰሪያ ብቻ ከተበሳ ጠርዙ ስለታም ይቀራል፣ መግቢያው ክብ ሆኖ መቆረጥ አለበት።